የቄጠማዋ ወፍ ስምና ድምፅ
ስለ ወፍ መለያ መጻሕፍት የቀረበ ትችት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ በአገራችን ደጋ በቄጠማና በረዥም ሣር መካከል የምትኖረውን አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ለይቶ ለማወቅ፥ በውጭ አገር ሊቃውንት የተጻፉት የወፍ መለያ መጻሕፍት ምን ያህል እንደሚረዱንና በምን በኩል እንደሚጐድሉ መመርመር ነው። ወፏ በሳይንስ ስሟ ሲስቲኮላ ሉጉብሪስ ትባላለች። የምትገኘውም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ስለ ሆነ፥ እርሷን ለይቶ ማወቅ ከማንም አስቀድሞ የእኛ ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ መኖሪያዋ እንናገር። መጻሕፍቱ የእንደዚህ ያሉትን ወፎች መኖሪያ ብዙ ጊዜ «የሸምበቆ ዱርና ረግረግ» ብለው ይገልጹታል። ይህ አነጋገር ለእንግሊዝ ወይም ለሆላንድ አንባቢ ግልጥ ነው፤ በነዚያ አገሮች ሸምበቆ በሐይቅና በወንዝ አፍ ሰፊ መሬት ሸፍኖ ይገኛልና። በላስታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ተማሪ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ከቋጥኝ የተፈለፈለችው፥ በትውፊትም ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ስም ጋራ የምትያያዘው ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ድረስ የሚያየው ገደል፥ ድንጋይና የእህል ማሳ ነው። መጽሐፉን እንደ ተጻፈው ካመነ «በዚህ አገር የረግረግ ወፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን የደጋው ረግረግ የግድ ሐይቅ መሆን የለበትም። ምንጭ የሚያርሰው ጠባብ ጨፌ፥ ለበዓል የሚጐዘጐዘው ቄጠማ የሚታጨድበት የወንዝ ዳር፥ በማሳ ድንበር ላይ የበቀለ ርጥብ ሣር፥ እነዚህ ሁሉ ለሉጉብሪስ ዓይነት ወፍ መኖሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጉድለት በወፏ መልክ ሳይሆን በቦታው ስም ላይ ነው። ቋንቋችን ቄጠማን ከደንገል፥ ደንገልን ከመቃ፥ ጨፌን ከረግረግ ለይቶ እያወቀ፥ ሁሉን በአንድ የባዕድ ሐረግ ጠቅልሎ መያዝ ፈላጊውን ከሚፈለገው ቦታ ያርቀዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ለሥዕል ከመጠን በላይ መታመን ነው። ሲስቲኮላ የተባለው ወገን ወደ 50 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም በአፍሪካ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ትንንሽና ቡናማ፥ ጀርባቸውም በጥቁር መስመር የተዥጐረጐረ ነው። ሉጉብሪስ አናቷና ክንፏ ወደ ቀይ ዳማ ያደላል፤ ጅራቷ ግራጫ ሲሆን ወደ ጫፉ ጥቁር ምልክት አለበት። ይህ በሥዕል ላይ ሲታይ በቂ መለያ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያው በደጋው ሣር ሲስቲኮላ ሮቡስተስ የተባለችው አለች፤ የእርሷም አናት ቀይ ነው፤ ልዩነቱ ቅላቱ እስከ ማጅራት መውረዱና ሰውነቷ መወፈሩ ነው። ወፏ ከሣር ውስጥ ብቅ ብላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስትታይ፥ ማጅራቷን ወይም የሰውነቷን ውፍረት ማን በርግጥ ይናገራል? በዚህም ላይ በበጋው ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የአክሮሴፋሉስ ወገን ወፎች፥ አንዳንዶቹ ለማለፍ፥ አንዳንዶቹም ለመክረም፥ በዚሁ በቄጠማው ውስጥ ይጨመራሉ። ሥዕሉ ወፎቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አሰልፎ ሲያሳይ፥ የትኛዪቱ በየትኛው ወር እንደምትገኝ አያሳይም።

በሥዕልና በተደራረቀ ቆዳ መታመን ምን ያህል እንደሚጐዳ የዚህችው ወፍ ታሪክ ይመሰክራል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ተዘዋውሮ ብዙ እንስሳትንና ወፎችን ሰበሰበ፤ ይህችንም ወፍ በ1840 ገልጦ ሰየማት። «ሉጉብሪስ» የሚለው የላቲን ቃል ሐዘንተኛ ማለት ነው። ከሣር ጫፍ ላይ ተንጠላጥላ ሳታቋርጥ ለምትጮኽ ንቁ ወፍ ይህ ስም የሚያስረዳው ነገር የለም። በ1930 እንግሊዛዊው አድሚራል ሂዩበርት ላይንስ ስለ ሲስቲኮላ ወገን ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። የላይንስ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ወፎቹን በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳሉ፥ በድምፃቸው፥ በአኗኗራቸውና በጎጇቸው ጭምር መርምሯልና። እንዲህም ሆኖ በ20ኛው መቶ ዓመት አብዛኛው ዘመን ሉጉብሪስ ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ ቀርቶ የሲስቲኮላ ጋላክቶቴስ ቅርንጫፍ ተብላ ትቈጠር ነበር። ይህ ስም ያን ጊዜ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የተዘረጋ ነበር። በኋላ ግን በተለይ የድምፃቸው ልዩነት በጥንቃቄ ሲታይ አንዱ ስም ብዙ ዝርያዎችን እንደ ሸፈነ ታወቀ፤ በዛሬዎቹ ዝርዝሮች ለአምስት ተከፍሎ ሉጉብሪስም ቦታዋን መልሳ አግኝታለች። ወፏ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የአድማጩ ጆሮ ነው።

ይህ ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ኋይት በ1768 አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩትን ትንንሽ የቅጠል ወፎች በዜማቸው ሦስት መሆናቸውን ለይቶ ጽፏል። የአሁኖቹ መጻሕፍትም ለድምፅ ቦታ መስጠታቸው አይካድም። ነገር ግን ድምፁን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደልና በእንግሊዝ ጆሮ ነው፤ ሦስተኛውም ጉድለት ይህ ነው። ለጋላክቶቴስና ለዘመዶቿ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ስም እንኳ ሰዓት ሲሞላ ከሚሰማው ድምፅ የተወሰደ ነው። የቀለበት ሰዓት ሞልቶ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ምሳሌ ምን ይጠቅመዋል?

እኛ ግን ለዜማ የተሰናዳ ቃል ያለን ሕዝብ ነን። በቅዱስ ያሬድ ትውፊት ዜማው ከሦስት ወፎች ጋራ ተያይዞ ይነገራል። በድጓው ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች መካከል ርክርክ፥ ቁርጥ፥ ሂደት፥ ደፋትና ደረት የተባሉት ለተማሩት ሁሉ የታወቁ ናቸው። የወፏ ድምፅ ደረቅና ተከታታይ ሲሆን «ርክርክ ያለው»፥ በድንገት ሲያበቃ «በቁርጥ የሚያልቅ» ቢባል፥ በላስታ አድባራት ያደገ ተማሪ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። «ይህ የቅድስና ምልክት ነው፤ ለዱር ወፍ አይውልም» የሚል ሊኖር ይችላል። አስተያየቱ በአክብሮት ሊታይ ይገባዋል። ሆኖም ሐሳቤ ምልክቱን በወፍ ድምፅ ላይ ለመጻፍ ሳይሆን ጆሮን ለመግራት የተፈጠሩትን ቃላት ለመዋስ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያስ በድምፅ ብቻ እንለይ» ብሎ እንዳይቸኩል ማሳሰብ ይገባል፤ ድምፅም ያሳስታልና። አክሮሴፋሉስ ፓሉስትሪስ የተባለችው ወፍ በአውሮፓ ረግረግ ተራብታ ወደ አፍሪካ ስትጓዝ በአገራችንም በኩል ታልፋለች። ፍራንሷዝ ዶውሴ ለሜር የተባሉት ተመራማሪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት፥ ወፏ በዘፈኗ ውስጥ የ212 ዝርያዎችን ድምፅ እንደምታስመስልና ከነዚህም 113ቱ የአፍሪካ ወፎች እንደ ሆኑ ገልጠዋል። እያንዳንዷም በአማካይ የ76 ዝርያዎችን ድምፅ ትቀዳለች። በአፍሪካ ሣር ውስጥ የሰማችውን በአውሮፓ ቄጠማ ላይ ትዘምረዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ጆሮውን ብቻ የሚያምን ሰው አንዲቱን ወፍ በሌላዪቱ ስም ሊጠራ ይችላል።

ስለዚህ በእኛ በኩል የሚጻፍ የወፍ መዝገብ አራት ነገሮችን አብሮ መያዝ አለበት እላለሁ። እነርሱም ቦታው በአገሩ ስም፥ ወሩ፥ የወፏ አኳኋን፥ ማለትም ከሣር ጫፍ ላይ ሆና ትጮኻለች ወይስ ወደ ሰማይ ወጥታ ትዘምራለች የሚለው፥ በመጨረሻም ድምፅዋ ናቸው። የላባዋ መልክ ከነዚህ ጋራ ሲስማማ ምስክር ይሆናል፤ ብቻውን ግን ፈራጅ ሊሆን አይገባም። አራቱ ካልተሟሉ «ከሲስቲኮላ ወገን አንዲት» ብሎ መተው፥ የማይታወቀውን ስም በድፍረት ከመጻፍ ይሻላል።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። የአንዲት ወፍ መኖሪያ ሲታረስ ወይም ምንጩ ሲደርቅ ጉዳቱ የሚታወቀው፥ አስቀድሞ በዚያ መኖሯ በትክክል ተመዝግቦ እንደ ሆነ ነው። በሌላ ስም የተመዘገበች ወፍ ብትጠፋም የጠፋችው በዝርዝር ላይ አይታይም፤ ስሙ በሌላ አገር ይኖራልና። ጠባቡ የቄጠማ ጨፌ በትልልቁ ካርታ ላይ ስለማይገባ፥ ለእርሱ ሊመሰክር የሚችለው በአካባቢው የሚመላለስ ሰው ነው። የዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ይህን መዝገብ ብንጀምር፥ ለመጻሕፍቱ የሚጐድላቸውን ከማንም በተሻለ ልንሞላላቸው እንችላለን።