እንግዳ ሲጽፈን፤ የፔድሮ ፓኤዝ «የኢትዮጵያ ታሪክ»

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ሐሙሲት፥ ወደ ጎንደርም ሲቀርቡ ማክሰኚት ይገኛሉ። ሁለቱም ስማቸውን ከሳምንቱ ቀኖች እንደ ወሰዱ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ይረዳዋል፤ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ግን ስሙን በካርታ ላይ ቢያገኘውም ትርጕሙን አያገኘውም። በባዕድ አገር ለስብከት የሚቀመጥ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ይህ ነው። በዘመናችን የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቿን ወደ ውጭ አገር ስትልክ አስቀድማ የሚሄዱበትን ሕዝብ ቋንቋ ታስተምራቸዋለች፤ የወንዶቹም አገልግሎት እንደ ልማዱ ሁለት ዓመት ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ወደ ጣና አገር የመጣው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ግን ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ብቻ 14 ዓመት ፈጅቶበታል።

ፓኤዝ በ1564 ዓ.ም. በእስጳንያ ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በ1589 ዓ.ም. ከጎዋ ተነሥቶ ወደ አገራችን ሲጓዝ ተማረከና ሰባት ዓመት ያህል በየመን በግዞት ቆየ። ምጽዋ የደረሰው በ1603 ዓ.ም. ነው። በትግራይ ፍሬሞና በማኅበሩ ሰፈር ተቀምጦ አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ በኋላም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ኖሮ በ1622 ዓ.ም. ዐረፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በፖርቱጋል ቋንቋ የጻፈው «የኢትዮጵያ ታሪክ» ለኅትመት የበቃው ከ280 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1905 እና በ1906 ዓ.ም. በሮማ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለመልስ ነው። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካውያን መነኵሴ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1610 ዓ.ም. በቫሌንሲያ ስለ አገራችን አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በነገሥታቱ አምባ ላይ ቍጥር የሌለው የመጻሕፍት ክምችት አለ አለ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም ከዶሚኒካውያን ወገን አደረጋቸው። ፓኤዝ ይህን የሚያፈርሰው በስድብ ሳይሆን በማስረጃ ነው። የአገሩን ሰዎች ይጠይቃል፤ የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የቅዱሳኑን ገድል ከግእዝ ይተረጕማል፤ የሚቻለውን ሁሉ በዓይኑ ያያል። ሚያዝያ 1618 ዓ.ም. ግሽ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው ቃል ለዚህ ምስክር ነው። በ1770 ዓ.ም. ከዚያው ስፍራ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ቀዳሚነቱን ለመካድ ብዙ ደክሟል፤ ምስክርነቱ ግን ጸንቶ ቀርቷል።

የመጽሐፉ ነውር ሁለት ነው። አንደኛው የአሠራር ነው። ደራሲው የኡሬታን መጽሐፍ ተከትሎ ስለሚሄድ፥ አንባቢው ስለ ኢትዮጵያ ለማወቅ ሲጓጓ የሁለት ሰዎችን ክርክር ሲያዳምጥ ይደክማል። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ፓኤዝ ስለ ወንዝ፥ ስለ ተራራ፥ ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ሲጽፍ ጠያቂ ነው፤ ስለ ሃይማኖታችን ሲጽፍ ግን ፈራጅ ይሆናል። የሊቃውንቱን መጻሕፍት ያነበበው ከእነርሱ ሊማር ሳይሆን ስሕተት ሊያወጣባቸው ነው። የዓባይን ምንጭ ለማየት ዝቅ ያለው ሰው፥ የሕዝቡን የእምነት ምንጭ ለማየት ዝቅ አላለም።

ይህ የመጽሐፍ ነውር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ፓኤዝ በትዕግሥቱና በጨዋነቱ ያስወደደውን ነገር፥ በ1625 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ በትእዛዝ ሊፈጽመው ተነሣ። ምእመናን ዳግመኛ ይጠመቁ፥ ካህናት ዳግመኛ ይሾሙ፥ የቀዳሚት ሰንበት ይቅር ተባለ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የሁለቱን ሰዎች ጠባይ አንድ አድርጎ መቍጠር ግፍ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም አገሩ የሚያስተምራቸው እምነት አለው ብለው እንዳልመጡ መካድ አይቻልም።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የባዕድ ሰባኪ ሥራ ነው ብሎ መጣል፥ ወይም ስለ አገራችን ደክሟል ብሎ ሁሉን አሜን ማለት፥ ሁለቱም የሰነፍ አንባቢ ሥራ ነው። ያየውን እንቀበለው፤ የፈረደውን እንመርምረው። ተማሪ ከፓኤዝ የማስረጃን ክብር ይማር። ወደማያውቀው ወረዳ የሚላክ መምህርና ሹም ደግሞ ከጕድለቱ ይማር፤ የሰውን ቋንቋ ማወቅ በሩን ያስከፍታል እንጂ፥ ከገቡ በኋላ ለመስማት ካልተቀመጡ ቤተኛ አያደርግም።