የነቀምቴው ሙዚየም

ከጉቴ ወደ ነቀምቴ ለገበያ የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ቢተርፈው ወደ ወለጋ ሙዚየም ጎራ ይበል። እዚያ ያለው የወለጋ ኦሮሞ ኑሮ ነው፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ዕቃ፣ የስፌት ሥራ፣ ከበሮና ሌላም የዜማ መሣሪያ። እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ ግን የጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከነቀምቴ ብዙ በማይርቀው ቦናያ ያረፉ ሦስት አውሮፕላኖችን የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት አቃጥለዋቸዋል። የጣሊያኑ ጄኔራል ማሊዮኮም የሞተው እዚያው ነው። በጥቁር አንበሳ ሥር የተሰለፉት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ጀብዱ ነበር።

እንዲህ ያለውን ቤት ትኬት በመሸጥ ብቻ ማቆም አይቻልም። ጠባቂና አስጎብኚ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ጣሪያም ያፈስሳል። ስለዚህ የአካባቢ አስተዳደር መንገድና ውኃ ከሚጠይቀው በጀት ላይ ለቅርስ ጥቂት ሲቆርስ አደንቃለሁ። ምክር ቤት ውስጥ ይህን መከራከር ቀላል አይደለም፤ ከበሮ አቤቱታ አያቀርብም። ጥቅሙ ግን ለከተማውም ይተርፋል፦ ሙዚየም ብሎ የመጣ እንግዳ ምሳ ይበላል፣ አልጋ ይይዛል፣ ስፌቱን አይቶ የወደደም ወደ ገበያ ወርዶ ከሰፊዋ እጅ ይገዛል።