የማይዋሽ ውሻ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የውሻ ነገር በምክር መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ስታይ ሳቅህ ይመጣ ይሆናል። በአገራችን ውሻ ለስድብ እንጂ ለትምህርት ሲጠቀስ እምብዛም አልተሰማምና። ነገር ግን የምንሰድበው እንስሳ እኛው ያሳደግነው ስለ ሆነ፣ ነውሩ የማን እንደ ሆነ መርምሮ መፍረድ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ውሻውን ሳይሆን ጌታውን ነው።

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው በኩታበር ደጋ ውሻ የሌለው በግ አርቢ ማግኘት ያስቸግራል። ሌሊት ጅብ በረቱን ሲዞር፣ ቀን ተኩላ ግልገል ሲያደባ፣ ጃርት ድንቹን ሲቆፍር፣ ዝንጀሮ ከገብሱ ውስጥ ሲገባ የሚጠራው ውሻ ነው። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው አገልጋይ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይማራል ብለህ ብትጠይቅ ግን መልሱ አጭር ነው። ቡችላው ከጎረቤት ይመጣል፤ ፍርፋሪ ይጣልለታል፤ ካደገ በኋላ ጥሩ የሚባለው ድምፁ ከሩቅ የሚሰማው ነው።

በልጅነቴ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ጯሂ ውሻ ነበረ። ድመት ቢያልፍ ይጮኻል፤ ነፋስ ቅጠል ቢያንቀሳቅስ ይጮኻል፤ ጨረቃ ብትወጣ ይጮኻል። በመጀመሪያ ባለቤቱ ዱላውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ በኋላ ግን ሰለቸውና ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ለመደ። አንድ የክረምት ሌሊት ውሻው እንደ ወትሮው ጮኸ፤ ማንም አልወጣም። ሲነጋ የበረቱ አጥር ተጥሶ ሁለት በጎች ታጡ። ባለቤቱም ተቆጥቶ ውሻውን ደበደበው። ልብ በል፤ ውሻው በዚያች ሌሊት እውነቱን ተናግሮ ነበር። የተመታው ግን እውነት በተናገረባት ሌሊት ነው። በሐሰት በጮኸባቸው ሌሊቶች ሁሉ ደግሞ ማንም አላረመውም፤ ፍርፋሪውም አልጎደለበትም። እንግዲህ ከሁለቱ ጥፋተኛው ማን ነው?

ይህን ነገር በሌላ አገር ካለ ልማድ ጋር እናስተያየው። በሰሜን አሜሪካ ራኩን የሚባል አውሬ አለ፤ ፊቱ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት አለው፣ ሌሊት እየወጣ ይመገባል፣ ሲባረር ዛፍ ላይ ይወጣል። አዳኞቹ በጨለማ ስለማያዩት የሚታመኑት በውሻቸው አፍንጫ ነው። ውሻው ሽታውን ተከትሎ ይሮጣል፤ አውሬው የወጣበትን ዛፍ ሲያገኝ ከሥሩ ቆሞ ይጮኻል፤ ጌታውም ድምፁን ሰምቶ በመብራት ይመጣል። የእነዚህ ውሾች ዘር በአብዛኛው ከእንግሊዝ ከመጡ የቀበሮ አደን ውሾች የተነሣ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ውሻ አርቢ ስለ ነበረ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1785 ላፋዬት ከፈረንሳይ አገር የአደን ውሾች ልኮለታል።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ትልቁ ነውር ባዶ ዛፍ ላይ መጮኽ ነው። በሌሊት የውሾች ውድድር ዳኛው ወደ ዛፉ ይሄድና በመብራት ይመለከታል። ራኩኑ ከታየ ለውሻው ነጥብ ይጨመርለታል፤ ዛፉ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ይቀነስበታል፤ ዛፉ ሽንቁር ያለው ወይም ቅጠሉ የበዛ ሆኖ እርግጡ ካልታወቀ ግን አይጨመርለትም፣ አይቀነስበትም። ሦስተኛው ፍርድ በተለይ ያስደንቀኛል። ያላየነውን እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ለማለት የምንቸኩል ስንቶች ነን?

እንዲህ ያለውን ውሻ የሚያስገኙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዘር ነው፤ ቁመናንና ጠጉርን ብቻ ሳይሆን እናቲቱና አባትየው በሥራ ላይ ምን እንዳደረጉ አይተው ያዳቅላሉ። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ቡችላውን ከታመነ አሮጌ ውሻ ጋር ያሰማሩታል፤ ከሚሳሳት ውሻ ጋር ግን አያወጡትም፤ ስሕተትም እንደ ጥበብ ይወረሳልና። ሚዳቋ ሊያባርር ቢሄድ አያሞግሱትም። ከሁሉ በላይ ግን ጌታው ራሱ ግዴታ አለበት፤ ውሻው በጮኸ ጊዜ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ዛፉ ሄዶ ማየት ይገባዋል። ሳያይ የሚያሞግስና ሳያይ የሚመታ ጌታ ውሻውን ውሸት ያስተምረዋል።

ይህን ስል የሰው አገር ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ለጨዋታና ለሽልማት ሲባል አውሬን ማሳደድ እኔ የማመሰግነው ልማድ አይደለም። በአገራችንም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው። የምንወስደው አደኑን ሳይሆን ጥንቃቄውን ነው። ደግሞም ትምህርት ለውሻ ክብር መስጠቱ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእስልምና ሕግ የተማረ የአደን ውሻ ለጌታው የያዘው፣ በሚለቀቅበት ጊዜ የአላህ ስም ከተጠራበት ይበላል፤ ያልተማረው ውሻ የገደለው ግን አይበላም። ልዩነቱ ትምህርቱ ነው።

አሁን ነገሩ ከበግ ወደሚበልጥ ጉዳት እንደሚያደርስ ተመልከት። ከመካነ ሰላም ብዙም በማይርቀው በደንቆሮ ደን፣ በቦረና ሳይንት በተከለለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ በአገሪቱ ሁሉ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ዋና ምግቡ የደጋ አይጥ ስለ ሆነ ለገበሬው ከሚጎዳው ይልቅ የሚጠቅመው ይበዛል፤ ግልገል የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን ተኩላ በግ በወሰደ ቁጥር ማን እንደ ወሰደው ሳይጣራ ቀዩ ቀበሮ ቢከሰስና ውሻ ቢለቀቅበት፣ ይህ ባዶ ዛፍ ላይ ከመጮኽ በምን ይለያል?

ከዚህ የከፋው ደግሞ ያለ ተቆጣጣሪ በየሜዳው የሚዞረው ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ፣ በባሌ ተራሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ደግሞም በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ብዙዎቹን ፈጅቷል። ሰውንም አይምርም፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ወዲያው ቁስሉን በውሃና በሳሙና አብዝቶ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ውሻን ማስከተብ ግን ይህን ሁሉ አስቀድሞ ይከላከላል። ሳይመግቡ፣ ሳያስከትቡ፣ ሳያስተምሩ አምስት ውሻ ከማርባት አንድ የታመነ ውሻ መያዝ ይሻላል። ይህ ለድኻው ገበሬ ከባድ ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ወጪ እንዳለው አልክድም፤ ዳሩ ግን ለአምስቱ የሚበተነው ፍርፋሪ ለአንዱ ቀለብ ይበቃል፤ ባዶ ጩኸትን አለማሞገስም ገንዘብ አይጠይቅም።

ወጣት ሆይ፤ አንተም በጉባኤም በጓደኛም መካከል ድምፅህ የሚሰማበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደንቀው ከፍ አድርጎ የሚጮኸውን ነው፤ አንተ ግን ዛፉን ሳታይ አትጩኽ። ሌላው ሲጮኽ ስትሰማም ሳታይ አትመን፤ ሳታይም አትምታው። እርግጡን ባላወቅህ ጊዜ «አላየሁም» ማለት አያሳፍርህ።

እኔም ይህን ነቀፋ ስጽፍ በዚያው ሕግ ሥር ነኝ። የጮኽሁበት ዛፍ ባዶ መስሎህ እንደ ሆነ፣ ኩታበር ሂድና አንድ የውሻ ጌታ «ባለፈው ሌሊት ውሻህ ሲጮኽ ወጥተህ አይተሃልን?» ብለህ ጠይቀው። ከመልሱ በኋላ ፍረድብኝ።