ከቤተ ሙከራ መውጣትና በቤተ ሙከራ መቆየት፤ የጆናታን ቤክዊዝ መጽሐፍ ሲመዘን

በባክቴሪያ የዘር ውርስ ጥናት ስማቸውን ያስጠሩት የሐርቫርዱ ፕሮፌሰር ጆናታን ቤክዊዝ የሕይወት ታሪካቸውን በ2002 አሳትመዋል (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ጂንን መሥራት፣ ሁከትን ማስነሣት» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን ለመመዘን የተነሣነው የሊቁን ጀብዱ ለማወደስ አይደለም፤ ያን ያደረጉ ብዙዎች አሉ። እኛን ያሳሰበን ዕውቀቴ በክፉ እጅ ይውላል ብሎ የሚሰጋ ምሁር ሥራውን ጥሎ ይውጣ ወይስ ውስጡ ሆኖ ይሟገት የሚለው ጥያቄ ነው።

በኖቬምበር 1969 ቤክዊዝና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያ የወተትን ስኳር እንዲጠቀም የሚያስችሉትን ጂኖች ከቀረው ዲ.ኤን.ኤ. ለይተው ለብቻቸው አወጡ። ዘዴው የሚደነቅ ነው። ጂኖቹን በተቃራኒ አቅጣጫ የተሸከሙ ሁለት የባክቴሪያ ቫይረሶች ተመረጡ፤ የየቫይረሱ ድርብ ክር ተለያየ፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ክር ሲቀላቀል ሊጣመር የቻለው የሁለቱ የጋራ የሆነው ክፍል ብቻ ሆነ፤ ነጠላ የቀረውን ጭራ ኤንዛይም በላው። ጋዜጠኞች ሲሰበሰቡ ግን ተመራማሪዎቹ ከድላቸው ይልቅ ስጋታቸውን አጉልተው ተናገሩ፤ በቬትናም የሚዋጋ መንግሥት ይህን ዕውቀት በሰው ላይ ሊጠቀምበት ይችላል አሉ።

እዚህ ላይ ከአድናቂዎቻቸው እንለያለን። ማስጠንቀቂያው ከሥራው ጋር አልተመጣጠነም። በ1969 ጂንን ለይቶ ማውጣት ሰውን ከመለወጥ እጅግ የራቀ ነበር፤ ጂንን ቆርጦ የመቀጠል ዘዴ የመጣው በ1972ና በ1973 ነው። ማን፣ ማንን፣ በምን መንገድ እንደሚጎዳ ያልገለጸ ስጋት አድማጩን ከማስደንገጥ አያልፍም።

ከባልደረቦቻቸው አንዱ ጄምስ ሻፒሮ ሳይንስን ለመተው ወሰኑ፤ ወደ ኩባም ሄዱ። ኋላ ግን ተመልሰው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ የባክቴሪያ ምርምር ቀጠሉ። ቤክዊዝ ቀሩ፤ በ1970 ያገኙትን የ1,000 ዶላር ሽልማት ግን ለብላክ ፓንተር ፓርቲ ሰጡ። (በዚያው ዘመን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ትምህርቴን ልጨርስ ወይስ ልተው» እያለ ሲከራከር ያደረ አንባቢያችን እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም።)

የመቆየታቸው ዋጋ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1965 በስኮትላንድ በአንድ ጥብቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከተመረመሩ 197 ወንዶች 7ቱ ትርፍ ዋይ ክሮሞሶም ተገኘባቸው፤ ወዲያው «የወንጀለኛ ክሮሞሶም» የሚል ወሬ ናኘ። ስምንት የነርስ ተማሪዎችን የገደለው ሪቻርድ ስፔክ ይህ ክሮሞሶም አለው ተብሎ ተጻፈ፤ ሐሰት ነበር። ከ1968 ጀምሮም በቦስተን በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል የሚወለዱ ወንዶች ልጆች ክሮሞሶም ይመረመር፣ ትርፍ ዋይ ያላቸውም በክትትል ይያዙ ጀመር።

የቤክዊዝና የጓደኛቸው የጆናታን ኪንግ ተቃውሞ በዚህ ጊዜ ጠርቷል። እናት የልጇ ክሮሞሶም የወንጀለኛ ነው ሲባል ከሰማች፣ ማንኛውም ሕፃን የሚያነሣውን እልህና ለቅሶ በሌላ ዓይን ታያለች፤ ልጁም በዚያ ዓይን ሥር ያድጋል። ስለዚህ ጥናቱ ልጁን ከመጉዳቱም በላይ እለካዋለሁ ያለውን ራሱ ያበላሻል። በ1975 የሕክምና ትምህርት ቤቱ መምህራን በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ጥናቱ እንዲቀጥል ወሰኑ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት አጥኚው አዲስ የሚወለዱትን መመርመሩን አቆሙ።

ተቃዋሚዎቻቸው «ዕውቀትን አፈኑ» ብለው ከሰሷቸው። ክሱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም የወንጀለኛ ክሮሞሶምን ተረት ክፉኛ የጎዳው ሌላ ጥናት ነው። በ1976 በዴንማርክ 4,139 ረጃጅም ወንዶች ተመርምረው 12ቱ ትርፍ ዋይ ተገኘባቸው፤ ከሌሎቹ ይልቅ በርከት ብለው የተፈረደባቸው ቢሆንም ለኃይለኝነት የተለየ ዝንባሌ አልታየባቸውም። ነገር ግን የዴንማርኮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ የፍርድ ቤቱም መዝገብ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። በሕፃን ላይ ስም ለጥፎ ልጁ ስሙን እስኪመስል መጠበቅ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። በእኛ ግምት ቤክዊዝ ትክክል ነበሩ፤ ትክክል የሆኑትም በ1969 እንዳደረጉት በጅምላ ሳይናገሩ አንድን ጥናት ከነስልቱ ስለ መረመሩ ነው። ይህንንም ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የሄደ ሰው እንዲህ አጥብቆ ሊሠራው አይችልም ነበር።

መቆየትም ግን ወሰን አለው። ቤክዊዝ በ1991 ፕሮቲን ቅርጹን እንዲይዝ የድኝ ማሰሪያ የሚሠራን ኤንዛይም ከባልደረቦቻቸው ጋር ለይተው አሳትመዋል፤ በእነዚያው ዓመታት በሰው ጂኖም ፕሮጀክት የሥነ ምግባር የሥራ ቡድን አባል ነበሩ። በ1994 «ዘ ቤል ከርቭ» የተባለው መጽሐፍ በዘርና በማሰብ ችሎታ ላይ የድሮውን ክርክር ሲቀሰቅስ ቡድኑ የተቃውሞ መግለጫ አዘጋጀ። ዘሩን ከማንም በላይ እናውቃለን የሚሉት ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት በዚህ ቡድን ስም የወጣው ይህ አጭር መግለጫ ለኅትመት የበቃው በ1996 ነው፤ መጽሐፉ በዚያ ጊዜ ውስጥ በየመጻሕፍት መደብሩ ሲሸጥ ከርሞ ነበር።