ናኖ ለላሊበላ?

ስለ ቅርስ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ዓለም እኮ አሁን በናኖ ነው የሚጠግነው፤ እኛ ገና ጣራ እንዘረጋለን» የሚል ሰው አይጠፋም። ጣራ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቆመውን ነው፤ ለጊዜው ተብሎ። የኛ «ለጊዜው» መቼም ዕድሜው ረጅም ነው! በ2018 የከተማው ሰው አደባባይ ወጥቶ «አንሱልን» ማለቱ አይፈረድበትም። ከነምሰሶው አናታቸው ላይ ተጭኖ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ቢሆንም ናኖው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማጨብጨብ አይገባም። የታወቀው ፍሎረንስ ውስጥ እነ ፒየሮ ባልዮኒ ያበጁት ነው። እጅግ የደቀቀ ኖራ በአልኮል ተበጥብጦ ግድግዳው ላይ ይቀባል፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ አልኮሉ ሲተን ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የሚደነቀው ከግድግዳው ጋር ዘመድ መሆኑ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ቀደም ሲል ጥንታዊ ሥዕሎችን ያድናል ተብሎ የተቀባው ሰው ሠራሽ ሙጫ የግድግዳውን ትንፋሽ ዘግቶ ሥዕሉን ሲያረግፈው፣ ሙጫውን ለማስለቀቅ የተጠሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ላሊበላ ኖራ ድንጋይ አይደለም። እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ውኃ የሚጠጣ ዐለት ነው። ለእንዲህ ያለው የሲሊካ ውሁዶች ይሻሉ ይሆናል፤ ግን ውኃው ከሥር እየሰረገ ላዩን ብቻ ማጠንከር ቅርፊት መሥራት ነው፤ ቅርፊቱም አንድ ቀን ደኅናውን ይዞት ይወርዳል።

ይህን ደግሞ በገዛ ቤታችን አይተነዋል። በ1950ዎቹ ዝናብ ይከለክላል ተብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም። ያኔ ሬንጅ ዘመናዊ ነበር! በ1960ዎቹ ማብቂያ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጄሊኒና ባልደረቦቹ ሲፍቁት ከረሙ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለ የብራና አራሚ አውቃለሁ፤ ያልገባውን ቃል ፍቆ የራሱን ይጽፋል፣ ቀጣዩ ትውልድ የጥንቱን ሲፈልግ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ስለዚህ አዲስ ቅባት ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ካልተስማማው ይነሳል ወይ? ድንጋዩን ያስተነፍሰዋል ወይ? በ2016 የተጠናቀቀው የቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና የአካባቢውን ልጆች አሠልጥኖ ነበር። ኧረ እነሱ አሁን የት ናቸው? ክረምት ሳይገባ የውኃ መውረጃውን የሚጠርገው ሰውስ ደመወዙ በየትኛው በጀት ላይ ተጽፏል?