የጣና ሞተር ጠጋኞች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚመላለሱትን ጀልባዎች አሮጌ ሞተር የሚጠግኑ ሰዎችን አደንቃለሁ። ከመፍታታቸው በፊት ያዩታል፣ ያዳምጡታል። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ይፈሳል፤ ውሃው ከሰለለ ጥርጣሬያቸው የውሃ ፓምፑ ጎማ ላይ ያርፋል። ማቀዝቀዣ ውሃ ያልደረሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተኑም ይጣበቃል። ቀጥሎ ካንዴላ ይፈታል፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚን በዝቶበታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የችግሩን ምንጭ ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

መለዋወጫ ፍለጋ ላይ ደግሞ ብልሃታቸው ይበልጥ ይማርከኛል። ኩሽኔታ ላይ የታተመ ቁጥር የትም አገር አንድ ነው፦ 6205 ካለ የውስጡ ስፋት 25፣ የውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የመኪና ዕቃ መደብር ውስጥም ሊገኝ ይችላል። የፓምፑ ጎማ ግን በግምት አይገዛም፤ የሞተሩን ሞዴል ከሰሌዳው ላይ ገልብጦ፣ አሮጌውንም በእጅ ይዞ መዞር ነው። ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ወፍራም ወረቀት መጋጠሚያው ብረት ላይ ዘርግተው ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ ቅርጹን ያወጡታል። እጃቸውን ማየት ብቻ ያስደስታል።