«መበደር» ወይስ «መዘርዘር»? ስለ መቀነስና ስለ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ባርኔአ፣ እናቴ ቤት፣ የእህቴን ልጅ ሺኡሬ ባይት እያሠራኋት ነበር። ኪታ ቤት ናት። 52 − 17 ላይ 45 ብላ ጻፈች። ቸልተኝነት እንዳይመስላችሁ፤ ስህተቱ የራሱ ሕግ አለው። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላት ገልብጣ ከ7 ላይ 2 ቀነሰች። እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ደገምኩላት፦ «ከጎረቤቱ አንድ ትበደሪያለሽ»።

«መቼ ነው የምመልሰው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እውነቷን እኮ ነው፣ ያ ብድር አይመለስም።

ወደ ሮን አሃሮኒ መጽሐፍ፣ ወደ «ሔሽቦን ለሆሪም» የመለሰኝ ይህ ነው። አሃሮኒ በቴክኒዮን የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ማዓሎት ሄዶ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን አስተምሮ፣ ከዚያ የተማረውን በ2004 በመጽሐፍ አወጣው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የልጆች ሒሳብ እንደ ግንብ በድርብ በድርብ ይሠራል፤ ልጅ ሒሳብ ሲፈራ ብዙውን ጊዜ የተዘለለ ድርብ አለ። በዚህ እስማማለሁ። መቀነስ አንድ ትርጉም ብቻ እንደሌለው ማሳየቱንም ወድጄዋለሁ። «ከአምስት ብርቱካን ሁለቱ ተበሉ» እና «የእኔ ከአንቺ በስንት ይበልጣል?» ለልጅ አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ማንም ምንም አልወሰደም፤ «ይበልጣል» የሚለውን ሰምቶ የሚደምር ልጅ ሞልቷል።

ቅሬታዬ «ለሆሪም» በሚለው ቃል ላይ ነው። የትኞቹ ወላጆች? ቁጭ ብለው በዕብራይስጥ መጽሐፍ የሚያነቡት ናቸው። እኛ ቤት የታችኛው ድርብ በየትኛው ቋንቋ እንደተጣለ የሚጠይቅ የለም።

እናቴ ከወጥ ቤት ትሰማን ነበር። መጥታ አምስት ባለ አሥር ሼቄልና ሁለት ባለ አንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አሥራ ሰባት ስጪኝ» አለቻት። ልጅቷ አንድ አሥር ሰጠቻት፣ ከዚያ ቆመች፤ ሰባት ነጠላ የላትም። «ታዲያ አንዱን አሥር ዘርዝሪው!» ብላ ከቦርሳዋ አሥር ነጠላ ቆጠረችላት። ሰባቱን ሰጠች፣ 35 ቀረ።

ልጅቷ ዘላ ተነሣች፦ «አህ፣ ፕሪታ!»

ትምህርት ቤት የሚሏት በዚህ ቃል ነው ለካ፤ በዕብራይስጥ ገንዘብ መዘርዘርም ያው ቃል ነው። «መበደር» ሌላ ሰው ዘንድ መሄድ ነው። ስትዘረዝሪ ግን ያለሽ ያው ነው፤ 52 አሁንም 52 ነው፣ 40 እና 12 ሆኖ። በእንግሊዝኛም ዘመን ሙሉ «መበደር» ሲባል ኖሮ ዛሬ ብዙ መምህራን «እንደገና መቧደን» ይላሉ። እናቴና ልጅቷ ትክክለኛውን ቃል ይዘዋል። መሐል ላይ ብድር ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ባለ ዲግሪዋ።

ልጅ ሳለሁ ሒሳብ ስጠይቃት «እኔ ምን ፊደል ቆጥሬ» ትለኝ ነበር። አመንኳት። ሚግዳል ገበያ ላይ መልስ ስትቆጥር ግን ከጎኗ ቆሜ ነው ያደግኩት።

የሚቀጥለው ጥያቄ 100 − 36 ነበር። ሁለት ዜሮ፣ የሚበደሩት ጎረቤት እንኳን የለም። እናቴ ባለ መቶውን አውጥታ ልጅቷ ፊት ዘረጋችው። «ይቺ ሁለቴ ነው የምትዘረዘረው» አለች።